ፊርማዬ አውሮፕላን ያስነሣ ነበር፤ አገልግሎቴ ለምን አይቆጠርም?

ይድረስ የጡረታ ጉዳዬን ለያዙት የሥራ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ማመልከቻ አስገብቼ፣ ደጅ ጠንቼ፣ አማላጅ ልኬ መልስ ስላጣሁ ዛሬ በአደባባይ ጻፍሁልዎ። የጡረታ አዋጁን ከእኔ በላይ ያውቁታልና እሱን ላስተምርዎ አልመጣሁም።

በ1966 ዓ.ም. ደብረ ዘይት (የዛሬዋ ቢሾፍቱ)፣ ሐረር ሜዳ አየር ምድብ ገብቼ የአውሮፕላን ጥገና ተማርኩ። እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአየር ኃይል አልተለየሁም። ሠራዊቱ ሲበተን አብሬ ተበተንኩ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ ሙያችሁ ይፈለጋል ተብለን ተጠራን፤ ቂም ሳንይዝ ሄድን። በ2002 ዓ.ም. ስሰናበት ግን የተቆጠረልኝ ከጥሪው ወዲህ ያለው ብቻ ሆነ። የፊተኛው 17 ዓመት ፋይል አልተገኘም ተባለ።

እንግዲህ ይመልሱልኝ፤ ፋይሉ ከሌለ በ1990 ማን ብለው ጠሩኝ? የጠሩኝ በስሜ፣ በማዕረጌና በሠራሁበት የአውሮፕላን ዓይነት ነው። አገር ስትቸገር የተገኘ መዝገብ፣ እኔ አበሌን ስጠይቅ የት ገባ? መዝገብ የመያዝ ኃላፊነትስ የመሥሪያ ቤት ነው ወይስ የእኔ?

ባለፈው ክረምት መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ፣ ልጄ የምትሆን፣ «አባባ፣ አብራሪ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። ቴክኒሽያን ነበርኩ ስላት «እሱ እንኳ ያስቸግራል፤ አብራሪ ቢሆኑ ስምዎ አይጠፋም ነበር» አለችኝ። ክፋት አልነበራትም። እኔ ግን ቤቴ ስገባ እህል አልበላሁም።

ነሐሴ 1969 ዓ.ም. ድሬዳዋ ነበርኩ። የሶማሊያ ጦር ከተማዋ ደጃፍ ደርሷል። አሜሪካ ሠራሹ ተዋጊ ጄት ኤፍ-5 ከግዳጅ ተመልሶ ሲቆም ሞተሩ ሳይበርድ እንረባረብበታለን። በድሬዳዋ ቀትር የጋለው ብረት መዳፍ ይልጣል። አንዱ ነዳጅ ይሞላል፣ አንዱ ለሁለቱ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች ጥይት ያጎርሳል፣ አንዱ ያለቀ ጎማ ይቀይራል፤ ሚሳይሉ ክንፉ ጫፍ ላይ ይገጠማል። በመጨረሻ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸውን የደኅንነት ፒኖች ነቅለን፣ ቆጥረን፣ አብራሪው እንዲያያቸው ከፍ አድርገን እናሳያለን። አንዲት ፒን ተረስታ ከቀረች ያ ሰው ሰማይ ላይ ባዶ እጁን ነው። ከዚያ በፊት የአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ እኔ እፈርማለሁ። ያ ፊርማ ከሌለ አውሮፕላኑ አይነሣም፤ የአብራሪው ሕይወት በእሱ ላይ ነበር።

አሜሪካ መሣሪያና መለዋወጫ ስትከለክለን ከአንዱ ፈትተን ለሌላው እየገጠምን አበረርን። ያሉን ኤፍ-5ዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አንዱ ቆሞ ቢያድር ውጊያው ላይ ይታወቅ ነበር። ወዲያው ሚግ-21 መጣ፣ ሚግ-23 ተከተለ፤ መመሪያው ሁሉ በሩስኛ ስለሆነ እንደገና ተማሪ ሆንን። በ1977ቱ ድርቅ አንቶኖቭ-12 እህል ሲያመላልስ አራቱን ሞተሮች በባትሪ ብርሃን እየፈተሸ ያነጋው ማን ነው?

ጄኔራል ለገሠ ተፈራን አገር ያውቃቸዋል። የጠላትን ሚግ ጥለዋል፣ በሶማሊያ እስር ቤት ዓመታት ማቅቀዋል፤ የተሰጣቸው ክብር ሲያንስ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አየር ኃይል ማለት አብራሪ ብቻ ነው ብሎ የወሰነው ማን ነው?

ጥር 2016 ዓ.ም. አዲሶቹ ሱ-30 ተዋጊ ጄቶች ሲመረቁ በቴሌቪዥን አየሁ። በዚያው ወር በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አገር ተሠርታ የበረረችው፣ ጣሊያን ዘርፎ ሮም አጠገብ ሙዚየም ውስጥ ያቆማት «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ለአገሯ ተሰጠች። በደስታ አለቀስኩ። ዘጠና ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው ባሕር ተሻግሮ አውሮፕላን ያስመለሰ መንግሥት፣ እዚሁ ቢሾፍቱ የሠራ ሰው መዝገብ አጣሁ ሲለኝ አላምንም። ዛሬ ሱ-30 ሥር የሚተኙት ወጣት ቴክኒሽያኖችም የእኛን ኑሮ ያያሉ፤ ጎረቤቶቻችን ናቸው።

አብረውኝ ከፈረሙት ብዙዎቹ አርፈዋል። ሚስቶቻቸው ይህንኑ መስኮት ይመላለሳሉ፤ የሚነገራቸውም ያው ቃል ነው። እኛ ያለነው አንዳችን ለአንዳችን ለመመስከር ዝግጁ ነን፤ የቀድሞ አዛዦቻችንም በሕይወት አሉ፤ ጠርታችሁ ጠይቁ።

አይሆንም የምትሉ ከሆነም በቃል አትመልሱኝ። እስከ ዛሬ አንድ የጽሑፍ ውሳኔ አልተሰጠኝም፤ የጽሑፍ ውሳኔ ሳልይዝ ደግሞ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ፊት መቆም አልችልም። ስለዚህ የከለከላችሁበትን አንቀጽ ጠቅሳችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ማኅተም አሳርፋችሁ ስጡኝ።

የቀድሞ የአየር ኃይል የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሽያን
ቢሾፍቱ