የባህል ክበብ የ2014 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከአገው ፈረሰኞች ዘንድ

የባህል ክበባችን አባላት ብዙ ባህሎችን በየተራ ቀንጨብ አድርጎ ከማለፍ አንዱን በጥልቀት ማወቅን ስለመረጡ፣ የዘንድሮው የክበቡ ሥራ በሙሉ በሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ላይ ያተኮረ ነበር። ማኅበሩ በዓድዋና ከዚያም በኋላ ለሀገር ነፃነት የዘመቱ ፈረሰኞችንና ፈረሶቻቸውን ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራል። የዓድዋ ድል የተገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በነጭ ፈረስ ተቀምጦ የሚሣለው ሰማዕት በፈረሰኞቹ ዘንድ ያለው ክብር ከፍ ያለ ነው።

የመጀመሪያውን ወሰነ ትምህርት ያሳለፍነው የፈረስ ስሞችን በማጥናት ነው። አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ እንደነበር ተማሪዎቹ ከመማሪያ መጻሕፍት ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከአባ ቃኘው፣ መሆኑን ሲረዱ፣ አንድ ፈረስ ከጌታው ዘመን አልፎ በሠራዊት ስም ሊኖር መቻሉ እጅግ አስደነቃቸው።

በጥር ወር በዓሉን ለማየት የአገው ሕዝብ ወደሚኖርበት የአዊ ዞን ዋና ከተማ፣ ወደ እንጅባራ፣ ተጓዝን። ሜዳው ግላስ (የፈረስ ጌጥ ልብስ) እና ኮርቻ ባማረባቸው ዳማ፣ ቦራ፣ ጉራቻና አምባላይ ፈረሶች ተሞልቶ፣ ጋላቢዎች በየተራ ሲሸመጥጡ ተመለከትን። በጉግስ አንዱ ወገን ዘንግ እየወረወረ ሲያሳድድ ሌላው በጋሻ እየመከተ ይሸሻል፤ ሁለቱም ልጓምን፣ ዓይንንና ክንድን በአንድ ጊዜ ማዘዝን ስለሚጠይቁ፣ ጨዋታው የጥንት ጦር ሜዳ ልምምድ መሆኑን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም።

በእኔ እምነት ግን የዓመቱ ዋና ትምህርት የተገኘው ከሽማግሌዎቹ ጋር በተቀመጥንበት ሰዓት ነው። ፈረሰኛ መሆን በዓል ከማድመቅ እጅግ የሚልቅ ግዴታ እንዳለበት አስረዱን፦ አባል ሲሞት ፈረስን አስጊጦ ለቅሶ መድረስ፣ በሠርግ ሙሽራን ማጀብ፣ የተቸገረን መርዳት፣ የተጣላን በሽማግሌ ፊት ማስታረቅ። በአዊ ፈረስ ማሳም ስለሚያርስ፣ በበዓል የሚሸለመው እንስሳ በሌላው ቀን የቤተሰቡ ጉልበት ነው፤ ስለዚህም ፈረሱን ያላግባብ የሚደበድብ ወይም ሳያበላ የሚያሠራ ሰው በሕዝብ ዓይን ይወቀሳል። ተማሪዎቻችን ይህንን ሲሰሙ፣ ስለ ፍጥነትና ስለ ሽልማት ያዘጋጇቸውን ጥያቄዎች ትተው፣ ማን ፈረሱን ማለዳ እንደሚያጠጣ፣ አሮጌ ፈረስ እንዴት እንደሚጦር፣ ልጅ በስንት ዓመቱ ልጓም እንደሚይዝ መጠየቅ ጀመሩ። በመምህርነቴ ከተደሰትኩባቸው ጊዜያት አንዱ ያ ነበር።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ከሽማግሌዎቹ ጋር ባደረግናቸው ቃለ ምልልሶች የተቀዳውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ የመለወጥ ሥራ ተሠርቷል። በሰኔ ወር በቀረበው ዐውደ ርእይም፣ ከተለመደው የእርካብ ዓይነት በተጨማሪ የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ጠባብ የቀድሞ እርካብ የብዙ ጎብኚዎችን ትኩረት ስቧል። የቃለ ምልልሶቹ ጥራዝ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ተሰጥቷል፤ ስለ ኮርቻና ግላስ አሠራር የተጀመረው ጥናት ባለመጠናቀቁ፣ የሚመጣው ዓመት አባላት ከዚያው ይቀጥላሉ።