ኅዳር ከመታጠኑ በፊት የአደይን ዘር እናራግፍ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ብትችሉ ይህን ደብዳቤ ከኅዳር 12 በፊት አውጡልኝ። ከዚያ ካለፈ ለዘንድሮ አይደርስም።

በኅዳር ሚካኤል ቀን ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ። ግቢ ይጠረጋል፣ ጥራጊው ይከመራል፣ እሳት ይለቀቅበታል። ኅዳር ሲታጠን የምንለው ነው። በ1911 ዓ.ም. ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የመጣ ልማድ መሆኑን ከአያቶቻችን ሰምተናል። ልማዱን አልቃወምም፤ እኔም ግቢዬን እጠርጋለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የአደይ አበባን ደረቅ አገዳ ከጥራጊው ጋር አታቃጥሉ። ካቃጠላችሁም ዘሩን ሳታራግፉ አይሁን።

አደይ እንደ ጽጌረዳ ከግንዱ እያቆጠቆጠ ዓመት ከዓመት የሚቆይ ተክል አይደለም። በየክረምቱ ከዘር ነው የሚበቅለው። ዝናቡ ሲገባ ብቅ ይላል። ሐምሌን ከሣሩ መሐል ሆኖ ያሳልፋል፣ ማንም አያየውም። ነሐሴ ሲጋመስ እምቡጥ ይይዛል፣ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ይፈነዳል። ጥቅምት ሲወጣ ቢጫው ይረግፍና ቡናማ ራስ ብቻ ይቀራል። ያ ራስ ለዓይን አይሞላም። የሚመጣው መስከረም ያለው ግን እሱ ውስጥ ነው። በጣት ስታሹት ጥቁር ቀጫጭን ዘር መዳፋችሁ ላይ ይወድቃል። ይህ ዘር መሬት የሚወርደው ልክ እኛ መጥረጊያና ክብሪት በምናነሣበት ሰሞን ነው። በየዓመቱ ከተቃጠለ ቦታው እያደር ባዶ ይሆናል።

እኔ ሥራዬ ጥልፍ ነው። ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሐበሻ ቀሚስ እጠልፋለሁ። ስለ ዘርና ስለ አፈር የማውቀውን ያገኘሁት ከሰፈራችን የአበባ ማኅበር ነው። ማኅበር ልበለው እንጂ ማኅተምም ሰሌዳም የለውም። ወደ ሃያ ሰው እንሆናለን። አብዛኞቻችን ሴቶች ነን። ጡረታ የወጡ መምህራን አሉበት፣ አንድ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት አለ፣ አንድ መሪጌታም አሉ። እንደ ጽዋ ተራ አለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለ ተራዋ ቤት እንሰበሰባለን። እሷ ቡናና ቆሎ ታዘጋጃለች። እኛ ደግሞ ባዶ እጃችንን አንሄድም። አንዱ የጽጌረዳ ቁራጭ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል፣ ሌላዋ በጣሳ ችግኝ፣ ሌላዋ በወረቀት የቋጠረችውን ዘር።

አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ሁሉም ተነሥቶ ግቢውን ይዞራል። ከሁሉ የምወደው ይህን ሰዓት ነው። ግቢ ስል ሰፊ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዳችን ያለን ከበር እስከ ማድቤት ያለች መተላለፊያ ናት። ግን የተቆረጠ ጀሪካን ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፣ ያረጀ ድስት አፈር ይሞላል፣ የመኪና ጎማ መደብ ይሆናል። የእያንዳንዱ ሰው ጠባይ በአተካከሉ ይታያል። ከመካከላችን አንዲት እናት አሉ፣ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ። ባለፈው ሰኔ የእኔን ጽጌረዳ አዩና፣ «እታለም፣ ይቺን ልጅ አፍነሻታል። ይህን ሳንቃ ከፊቷ አንሽላት፣ ፀሐይ ትይ» አሉኝ። ሳንቃውን ዞር አደረግሁት። መስከረም ላይ ቀይ አበባ እስከ አጥሩ ጫፍ ደረሰ።

ጽጌረዳ መቁረጥ ያስተማሩንም እሳቸው ናቸው። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ሦስት አራት ዓይን ያለው ቅርንጫፍ ይመረጣል። ከዓይኑ ዝቅ ብሎ ይቆረጣል፣ ሰያፍ ተደርጎ ይተከላል፣ ሥር እስኪሰድ ጥላ ይሠራለታል። ሰኔ ለዚህ ጥሩ ነው። ክሽክሽ ከወረደበት በሳሙና ውኃ ይታጠባል። ለቀንድ አውጣ ዙሪያውን አመድ ይነሰነሳል፤ ዝናብ ሲያጥበው ይደገማል። የቡና አተላ አይደፋም፣ ከፍግና ከቅጠል ጋር ይበሰብሳል። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም ማለት ይቻላል። በመዋጯችን የገዛነው መቀስና የውኃ ማጠጫ ነው፣ እሱም በየቤቱ ይዞራል።

ስለ እንሶስላም ልንገራችሁ። ሥሩን የማያውቅ የጎጃም ሴት የለችም። ለሰርግና ለበዓል ተወቅጦ እጅና እግር ይሞቃል። አበባውን ግን ስንቶቻችን አይተነዋል? ነጭ ነው፣ ልቡ ላይ ሐምራዊ ቀለም የፈሰሰበት፣ ከኋላው ረጅም ቀጭን ጭራ ያለው። ጥላና እርጥበት ይወዳል፣ ወንዝ ዳር ነው የሚገኘው። ለገበያ የሚመጣው ተቆፍሮ ስለሆነ ከተማው አካባቢ እየራቀ ሄዷል። ግቢዋ ወደ ጅረት የሚወርድ አንዲት አባላችን ሥሩን አምጥታ ከሰንሰል አጥሯ ሥር ተከለች። በክረምቱ አበበ። ቁጭ ብዬ ረጅም ሰዓት አየሁት፣ ከዚያ ቤቴ ገብቼ ያን ነጭና ሐምራዊ በክር አወጣሁት። ያን ቀሚስ የወሰደችው ሙሽራ ምን አበባ እንደሆነ ጠይቃኝ ነገርኳት። አላመነችኝም። እጇ ላይ ያለው ቀለም ከዚሁ ተክል ነበር።

ወደ አደይ ልመለስ፣ የጻፍኩት ስለ እሱ ነውና። ጳጉሜን ላይ የሰፈሩን ልጆች ይዘን ወደ ጨሞጋ ወንዝ አቅጣጫ እንወጣለን። እንዴት እንደሚቀጠፍ እናሳያቸዋለን። ከሥሩ መንቀል የለም። ከላይ ያለው ብቻ ይቀጠፋል፣ ታች ያለው ቅርንጫፍ ቆይቶ ያብባል፣ ዘርም የሚሰጠው እሱ ነው። ልጆች ይህን ቶሎ ይይዛሉ። አንዴ ከተነገራቸው ሲነቅል ያዩትን ትልቅ ሰው ራሳቸው ይቆጣሉ።

ዘንድሮ ግን ከዚያ የመጣነው እቅፍ ሳይሞላ ነው። ሌላው የምንተማመንበት ቦታ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ሣር ነበር። እሱ ደግሞ ለበዓል ጽዳት ተብሎ ከእንቁጣጣሽ በፊት ባለው ሳምንት እምቡጡን እንደያዘ ታጨደ። ያጨዱትን ሰዎች አልወቅስም። አጽዱ ተብለው ነው ያጸዱት። በበዓሉ ጠዋት ልጆቹ አበባዮሽ እያሉ ደጄ ሲመጡ ግን አብዛኞቹ የያዙት ቄጠማ ብቻ ነበር። አንዲት ትንሽ ልጅ የፕላስቲክ አበባ ይዛ ነበር። አንጀቴን በላችኝ። ጎጃም ተወልዳ፣ በመስከረም፣ የፕላስቲክ አበባ!

ይህ የልጆች ጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባጃጅ የሚነዳው አባላችን ቀፎ አለው። የኅዳር ማር የሚሠራው ከአደይ፣ ከመጭና ከኑግ አበባ መሆኑን ደጋግሞ ይነግረናል። ክረምቱን በረሃብ ያሳለፈች ንብ የምታገግመው በዚህ ወቅት ነው። ከተማ ውስጥ ያለው መሬት በኮብልስቶንና በቤት ሲያዝ ለንብ የሚቀራት አጥር ሥርና መንገድ ዳር ያለው ነው። እሱን ከላጨነው ርቃ ትሄዳለች።

መሪጌታችን በዚህ ነገር ከሁላችን ቀድመዋል። አሁን ወርኃ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ይቆማሉ። እሑድ ዓይናቸው እንቅልፍ እያማረው ከእኛ ቡና አይቀሩም። እመቤታችን በአበባ በምትመሰገንበት ወር አበባ የሚታጨድበት ምክንያት አይገባኝም ብለው አስተዳዳሪውን ለመኑ። ተፈቀደላቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከጥዶቹ ሥር፣ ኅዳር እስኪያልቅ ማጭድ የማይነካው ቁራጭ መሬት አለ። ጥቅምት ላይ ሄዳችሁ ብታዩት! ቢጫ ብቻ ነው። ንቡ ከደጅ ይሰማል።

በዚህ ወር ደግሞ ሚኒባስ ተከራይተን በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ወጥተን ነበር። በየዓመቱ የምናደርገው ነው። ታች የኑግ ማሳ ቢጫ ሆኖ ይቀበላችኋል፣ ከፍ ስትሉ ገብስ ነው፣ ከዚያ አስታ፣ ከዚያ ጅባራ። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ብርዱ ጥቅምት ላይ አጥንት ይገባል። ጅባራ ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆይና አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። አበባው ከሰው ቁመት በላይ ይቆማል። ማንም ዝም ብሎ አያልፈውም። መንገድ ላይ ቀጋም አለ። ነጭ አበባ ያለው እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ ፍሬውን ልጅ ሆነን የለቀምነው። ይህ ከሰሐራ በታች በዱር የሚበቅል ብቸኛው የአፍሪካ ጽጌረዳ ነው። ለውጭ ጽጌረዳ ስንሟሟት የራሳችንን የማገዶ እሾህ አድርገነዋል። ከጮቄ ግን ምንም ነቅለን አንወርድም። ማየት ብቻ ነው የተፈቀደው። ይህ የማኅበራችን ጥብቅ ደንብ ነው።

ሌላም ደንብ አለን። የምናውቀውን ካልሆነ አናባዛም። እምቦጭ ጣና ላይ ያደረሰውን እያየን ነው። እሱም ሐምራዊ አበባው አምሮ ከደቡብ አሜሪካ በሰው እጅ ነው ዓለምን የዞረው። ወፍ ቆሎም ለአጥር ተብሎ ገብቶ የግጦሽ መሬት የወረረ ነው። አንድ አባላችን ከዘመድ ቤት ቁራጩን ይዞ መጥቶ ነበር፣ ብዙ ተከራክረን ሳይተከል ቀረ። ቅር ብሎት ነበር። አሁን ግን ለሌላው የሚያስረዳው እሱ ነው።

እንግዲህ ልመናዬን ልድገመውና ላብቃ። ኅዳር 12 መጥረጊያ ስታነሡ አጥራችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። የደረቀ አደይ ካለ አገዳውን በዘምቢል ወይም በጋዜጣ ላይ አራግፉት። ከዚያ አገዳው ይቃጠል፣ ችግር የለም። ዘሩን በጥላ አድርቃችሁ በወረቀት ወይም በጨርቅ ቋጥሩት፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲቃረብ፣ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋችሁ በትኑት። በጥልቀት አትቅበሩት፣ አፈር ነካ ካደረገው ይበቃዋል።

የከተማ ጽዳት የምታዙ ወገኖቻችንም አንድ ቦታ ተዉልን። ሁሉንም አይደለም። የመንገዱን አንድ ወገን አጭዳችሁ ሌላውን እስከ ኅዳር መጨረሻ ብታቆዩት ከተማው አይቆሽሽም። መምህራንም ልጆቹን አንድ ከሰዓት አውጥታችሁ ዘር አስለቅሙ። የትምህርት ቤት አጥር ረጅም ነው።

ደብረ ማርቆስ ያላችሁና ዘር ያጣችሁ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአበባዎቹ ሰዎች ዛሬ የት ናቸው ብላችሁ ጠይቁ። ቡናውም አለ። ዘሩን በነፃ እንሰጣለን። በምትኩ ከግቢያችሁ አንድ ቁራጭ ይዛችሁ ኑ።

አክባሪያችሁ፣
የጥልፍ ባለሙያዋ፣ ከደብረ ማርቆስ