«ሐኪም ቤት መመላለስ ቀረለት» ያላችሁት ልጅ አልቀረለትም

ይድረስ ለአዘጋጁ

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን የሳቢያኑን ልጅ ዜና አነበብኩ። የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ድሬ የተመለሰውን ማለቴ ነው። እናቱ አቅፋው ሳይ አለቀስኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። «ከእንግዲህ ሐኪም ቤት መመላለስ ቀረለት» ይላል።

ኧረ አቦ! ማን ነው የነገራችሁ? ሕመሙ ሩማቲክ የልብ ሕመም እንደሆነ ራሳችሁ ጽፋችኋል። የለጋሾቹ ስም ተራ በተራ አለ። የወጣው ብር አለ። ሕመሙ ተመልሶ ልቡን እንዳያጠቃ ልጁ በየ28 ቀኑ ስለሚወጋው የፔኒሲሊን መርፌ ግን አንድ ቃል የለም።

እናቱ ራሷ እንዲያ ብላችሁ ሊሆን ይችላል። የእናት ደስታ ይገባኛል፣ የእኔም እናት ብላለች። ግን እናንተ ሐኪሙን መጠየቅ ነበረባችሁ።

ዕድሜዬ 25 ነው። ደረቴ ሁለቴ ተከፍቷል፦ በ2006 ዓ.ም. እና በ2015 ዓ.ም.። ነገሩ የጀመረው ከጉሮሮ ነው። መጋላ ሳለን ቶንሲል ይይዘኝ ነበር። ሎሚ በማር እጠጣለሁ፣ ይለቀኛል። ቶንሲሉን ያመጣው ባክቴሪያ በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመ፣ ሰውነት እሱን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራስን ልብ ሊያጠቃ ይችላል። የእኔም ሚትራል የሚባለው የልብ ቫልቭ፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር ማለት ነው፣ ማፍሰስ ጀመረ። በ14 ዓመቴ ጠገኑልኝ። ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ «ዳነች» አለ፣ እኔም አመንኩ። 17 ዓመት ሲሞላኝ መርፌውን ተውኩት። የዳነ ሰው ለምን ይወጋል? የምወጋበት ቦታም ለምን ቀረሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቫልቩ እንደገና ተበላሸ። እናንተ የጻፋችሁት ዓይነት ቃል ነው እኔን መርፌዬን ያስተወኝ።

ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና እንደ መጀመሪያው አይደለም። አንዴ የተከፈተ ደረት ውስጡ ጠባሳ ይሠራል። ልብ ከደረት አጥንት ጋር ይጣበቃል። ሐኪሙ ልቡን ሳይጎዳ ቀስ እያለ ማላቀቅ አለበት። ሰዓት ይፈጃል፣ ደምም ይፈሳል። ወንድሞቼ ደም ሰጡ። በ14 ዓመቴ ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም ነበር። በ23 ዓመቴ ግን ጉሮሮ ውስጥ የሚገባውንም፣ ከጎን የሚመዘዘውንም ቱቦ አውቀዋለሁ። ያንን እያወቅኩ ነው የፈረምኩት።

ከመፈረሜ በፊት ምርጫ ነበር፦ የተበላሸው ቫልቭ በየትኛው ይቀየር? ከእንስሳ ሕብረ ሕዋስ የሚሠራው ቫልቭ በወጣት ልብ ላይ ቶሎ ያረጃል። ያ ማለት ሦስተኛ ጊዜ መከፈት ነው። የብረቱ ይቆያል፣ ግን ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ያስውጣል። ዋርፋሪን ደግሞ ለፅንስ አደገኛ ነው። በ23 ዓመቴ፣ ገና ሳላገባ፣ ይህን አስቤ መወሰን ነበረብኝ። ብረቱን መረጥኩ። አሁን ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ሲል ሲዘጋ ይሰማኛል። አብራኝ የምትተኛው እህቴም ትሰማዋለች።

ወደ ድሬ ስመለስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ተጓዝኩ። እስከ ቁልቢ ደህና ነበርኩ። የደንገጎ ቁልቁለት ላይ ግን ትራሴን ደረቴ ላይ አጥብቄ አቀፍኩ። በየኩርባው በሽቦ የታሰረው አጥንቴ የሚላቀቅ ይመስለኝ ነበር። ሳል ሲመጣ ትራሱን እጫነዋለሁ። እማዬ «አትሳዪ፣ አትሳዪ» ትለኛለች። ብትችል እሷ ብትስልልኝ ትወድ ነበር።

ታዲያ የቱ ነው የቀረልኝ? ደሜ ቶሎ እንዳይረጋ፣ ከልክ በላይም እንዳይቀጥን በየጊዜው አይኤንአር የሚባለውን የደም መርጋት ምርመራ እለካለሁ። ቁጥሩ ከ2.5 እስከ 3.5 መሆን አለበት። ከወረደ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል፣ ወደ አንጎል ከሄደም ስትሮክ ነው። ከወጣ መድማት አለ። ጎመን እንኳ አንድ ሳምንት አብዝቼ በሚቀጥለው ብተወው ቁጥሩ ይዛባል። አንዴ ልለካ ሄጄ «ኬሚካል አልቋል፣ ሳምንት ተመለሽ» ተባልኩ። ያን ሳምንት ድዴ እየደማ ነው ያሳለፍኩት። መሥሪያ ቤት ደግሞ ካርቶን እንድሸከም ሲታዘዝ አልችልም ስል አለቃዬ «አንቺ ድነሻል አይደል?» አለኝ። ይሄን ከየት እንደሰማው አሁን ገባኝ። እንዲህ ካለው ዜና ነው።

በልጅነታችን ታክመን አድገን እዚሁ ከተማ የምንኖር አለን። መርፌ ቤት ወረፋ ላይ እንገናኛለን። ስለ ልብ ሕመም ስትጽፉ እኛን አንድ ቀን ጠይቃችሁን አታውቁም። ትንሽ ልጅ ሲሆን ፎቶ ታነሳላችሁ፣ ሲያድግ ትረሱታላችሁ።

ማረሚያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ የልጁን እናት ስልክ ስለያዛችሁ ደውሉላት። የሚቀጥለው መርፌ መቼ እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጠይቋት።

አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ