ስትሮው አልተሳሳተም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት የፊልም ዓምዳችሁ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዕይታ ባበቃው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ውስጥ አሉ የተባሉትን ስሕተቶች ዘርዝሮ ነበር። ጽሑፉን በደስታ ባነበውም፣ ስሕተት ለመሆኑ ማረጋገጫ የሌለውን አጉልቶ ትልቁን ስሕተት ሳይነካ ማለፉ ይህን ደብዳቤ አስጽፎኛል።

ጸሐፊው አብዝተው የተቹት ከፊልሙ ገጸ ባሕርያት አንዱ የሆኑት ዶክተር ፍሎይድ ወደ ጨረቃ ሲጓዙ በስትሮ የሚመገቡበትን ትዕይንት ነው። መሳባቸውን ሲያቆሙ ፈሳሹ በስትሮው ውስጥ ወደ ታች ስለሚመለስ፣ ይህ የምድርን ስበት ያጋልጣል ብለዋል። ፊልሙ የተቀረጸው በምድር ላይ መሆኑ አያከራክርም። ሆኖም በታሸገ የጭማቂ ካርቶን ላይ ስትሮ ሰክቶ የሳበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ካርቶኑ ስንስብ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ አፋችንን ስናነሣ ደግሞ ወደ ቅርጹ ለመመለስ ሲል በስትሮው ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ መልሶ ይስበዋል። ይህ የግፊት ልዩነት እንጂ የስበት ሥራ አይደለም። ካርቶኑን አጋድመን ከተማሪዎቼ ጋር ሞክረነው ያው ሆኗል፤ የአንዱ ልጅ ደብተር ግን አልተረፈም።

ይልቅ በጨረቃ ጣቢያው ስብሰባ ላይ ፎቶ አንሺው እንደ ማንኛውም ሰው ሲራመድ መታየቱ ሊነሣ ይገባ ነበር፤ የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ነውና።

ከሁሉም የሚብሰው ጠፈርተኛው ቦውማን የራስ ቁር ሳያደርግ ከትንሿ መንኮራኩር ወጥቶ፣ አየር በሌለበት በኩል ወደ ዋናው የጠፈር መርከብ የሚገባበት ትዕይንት ነው። ሰው ለጥቂት ሰከንዶች ያለ አየር መቆየት መቻሉ ሐሰት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1966 በሂዩስተን አየሩ በተመጠጠ ክፍል ውስጥ የጠፈር ልብሱ ያፈሰሰበት ቴክኒሻን በ14 ሰከንድ ገደማ ራሱን ቢስትም፣ ምራቁ ምላሱ ላይ ሲፈላ እንደተሰማው ለመናገር በቅቷል። ስሕተቱ ቦውማን ለመውጣት የመንኮራኩሯን በር ከማፈንዳቱ በፊት ትንፋሹን መያዙ ነው። ውጫዊው ግፊት በድንገት ሲጠፋ የታፈነው አየር ተለጥጦ ሳንባን ስለሚቀድ፣ ማድረግ የነበረበት ተቃራኒውን፣ አየሩን ማስወጣት ነበር።

ጸሐፊው በሚቀጥለው እትም እመለስበታለሁ ስላሉት ተንሳፋፊ እስክሪብቶ አንድ ጥቆማ ልስጥ፦ እስክሪብቶው በሚሽከረከር፣ ወዲያ ማዶ በሚያሳይ መስታወት ላይ የተለጠፈ ነበርና፣ አስተናጋጇ ስታነሣው ጣቶቿን ልብ ብለው ይመልከቱ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር
ከአዲስ አበባ