ጉዳዩ፦ የመመረቂያ ጽሑፍሽ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በሶ አዘጋጅታለች፤ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ይደርስሻል።

የላክሽልኝን ፕሮፖዛል እያሰመርኩ አነበብኩት። ሴፍቲኔት፣ ያ ለድሃ ቤተሰብ እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ የገበሬውን ኑሮ ለውጧል ወይ ብለሽ ተጠቃሚውን ካልሆነው ጋር ታነጻጽሪያለሽ፤ ተጠቃሚው በፍጆታ ዝቅ ብሎ ስለታየሽም ፕሮግራሙ አልሠራም ልትዪ ነው። እንዴት ሆኖ? ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመርም የታሰበው የምግብ እጥረት ለሚመላለስባቸው ወረዳዎች ነው። በየቀበሌው ደግሞ ኮሚቴ ተቀምጦ ጥሪት የሌለውን ለይቶ ነው የሚያስገባው። ድሃውን መርጠው ካስገቡት በኋላ ድሃ ሆኖ ቢገኝ ምን ይገርማል? ጥያቄው «ያው ቤተሰብ ባይገባ ኖሮ ዛሬ ምን ላይ ይገኝ ነበር?» ነው። የዚህ ዓይነት ምርምር ድካሙ ሁሉ ያንን ያልሆነውን ኑሮ የሚተካ ነገር ፍለጋ ነው።

አንዳንዱ በዕጣ ይገላገለዋል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን የሚባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እዚሁ አገራችን የፋብሪካ ሥራ ካመለከቱ ሰዎች መካከል ዕጣ አውጥተው ለአንዱ ሥራውን፣ ለሌላው መነሻ ገንዘብና ሥልጠና ሰጡ፤ ቀሪውን ምንም ሳይሰጡ ተከታተሉት። ዕጣ ስለሆነ የወጣለትም ያልወጣለትም ሲጀመር አንድ ዓይነት ሰው ነበር። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። አንቺ ግን ዕጣ የምታወጪበት ገንዘብ የለሽም፤ እኔም የለኝም።

ያለሽ ዳታ ነው። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር የሚሠራው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል። ተጠንቀቂ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011/12 እስከ 2015/16 ያሉት ሦስት ዙሮች ያንኑ ቤተሰብ የተከተሉ ናቸው፤ የ2018/19ኙ ግን አዲስ ናሙና ነው። ሦስተኛውን በአራተኛው ልቀጥል ብትዪ አይሆንም። በ2021/22ቱ ደግሞ ትግራይ የለችበትም። ይህ ሁሉ ከዳታው ጋር በሚመጣው ሰነድ ላይ ተጽፏል፤ ተማሪው ግን ሰነዱን ሳያነብ ቀጥታ ስታታውን፣ የማስሊያ ሶፍትዌሩን፣ ነው የሚከፍተው።

አሁን በሥራዬ የማውቀውን ልንገርሽ። መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ገጠር ስዞር ገበሬውን መሬትህ ስንት ነው ስለው «ሁለት ጥማድ» ይለኛል። ጥማድ በሬ ጠምዶ በቀን የሚያርሰው ነው፤ ሩብ ሄክታር ብለው ያሰሉታል፣ ግን ዳገት ላይና ሜዳ ላይ እኩል አይታረስም። ከዚያ ጂፒኤስ ይዘን ዳር ዳሩን እንዞራለን። ሚስቲቱ ከኋላ «የማዶዋን በኪራይ ነው የያዝናት፤ እሷንም ቆጠርካት?» ትላለች። ባልየው ዝም። እህሉ ጋ ስንደርስ ደግሞ ቁና ነው፣ እንቅብ ነው፤ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አይተካከልም። ከዳታው ጋር የመለኪያ መቀየሪያ ፋይል የተቀመጠው ለዚህ ነው። ባለፉት ሰባት ቀናት ምን በላችሁ የሚለው ጥያቄ ጾም ላይ ከዋለ ሥጋና ወተት ባዶ ሆነው ይመጣሉ፤ የተጠየቁበትን ቀን ሳታዪ «ወተት አይጠጡም» ብለሽ እንዳትጽፊ። ዕድሜማ ተዪው፤ ሁሉም አጠጋግቶ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ ነው የሚለው።

ከአማካሪሽ ጋር ተነጋግረሽ ጥያቄውን አጥብቢው። ገበሬው የተናገረውም ጂፒኤስ የለካውም ስፋት ዳታው ውስጥ አለ። ዩጋንዳ ላይ በተሠራ ጥናት ትንሽ መሬት ያለው አብዝቶ፣ ብዙ ያለው አሳንሶ ሲናገር ተገኝቷል። እኛ ዘንድስ? ልዩነቱ ምርት በሄክታር ሲሰላ ምን ያመጣል? ለመጀመሪያ ዲግሪ ይህ ይበቃል፤ መልሱም ከአቅምሽ በላይ አይደለም። ሴፍቲኔትን አልተውም ካልሽ ደግሞ የገቡትንና የወጡትን ከዙር ወደ ዙር ተከታተዪ፤ ያን ዓመት የገባው ከብት ያለቀበት ሊሆን እንደሚችል ግን አትርሺ።

ኤክሴል ላይ በእጅሽ ምንም አታርሚ፤ ለስታታ የምትሰጪውን እያንዳንዷን ትእዛዝ ዱ ፋይል በሚባለው የትእዛዝ መዝገብ ላይ አስቀምጪ። መጠይቁን አሳትመሽ ከዳር እስከ ዳር አንብቢ። አዲሱን ጥያቄሽን በአንድ መስመር ጽፈሽ እስከ እሑድ ላኪልኝ። ያልገባሽ ካለ ደውዪ፤ ማታ ማታ ኔትወርክ ይሻላል።

አባትሽ