የአልጀርስን ሴቶች ዳግም ስለ መሣል

ለክቡር አዘጋጅ፣

የቀደሙ ሥዕሎችን በአዲስ ዓይን ስለሚሠሩ ሠዓሊያን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና ያነበብኩት ቢሆንም፣ ፒካሶ ላይ ብቻ መቆሙ ቅር አሰኝቶኛል።

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ደላክሯ «የአልጀርስ ሴቶች»ን እ.ኤ.አ. በ1834 የሣለው ፈረንሳይ የአልጄሪያን ዋና ከተማ አልጀርስን ከያዘች ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ምንጣፉ፣ ሺሻው፣ በስተቀኝ ጀርባዋን ሰጥታ የቆመችው ጥቁር አገልጋይ፣ ሁሉም የጓዳ ጸጥታ እንጂ የደጁን ወረራ አያሳዩም። ፒካሶ በ1954 እና በ1955 ይህንኑ ሥዕል በ15 ቅጂዎች ሲሠራ የአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት ገና መፈንዳቱ ነበር። አካልን ሰባብሮ መልሶ የመገጣጠም ችሎታው የሚደነቅ ነው፤ ነገር ግን ደላክሯ አልብሶ ያስቀመጣቸውን ሴቶች አብዛኞቹን ያራቆታቸው እርሱ መሆኑን (ይህን ለምን እንደምናልፈው አይገባኝም) ጽሑፋችሁ አላነሣም።

አልጄሪያዊቷ ሠዓሊ ሁሪያ ኒያቲ በበኩሏ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያንኑ አቀማመጥ ወስዳ፣ ጌጡንና ምቾቱን ገፍፋ፣ በጦርነቱ ጊዜ በአገሯ ሴቶች ላይ የደረሰውን ስቃይ በግልጽ አውግዛበታለች፤ ለእኔ ከሁለቱ ይበልጥ ደፋሯ እርሷ ናት። የፒካሶ የመጨረሻ ቅጂ በ2015 ኒውዮርክ ውስጥ ከ179 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሸጡ ብዙ ስለተወራለት፣ በሚቀጥለው እትማችሁ የኒያቲን ሥራ ከነምስሉ እንድታቀርቡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢያችሁ