አንቺዬ፣ ስለ ማሙሽ ላማክርሽ ነው

እንዴት ነሽልኝ የኔ ቆንጆ፣ እማማስ እግራቸውን ተሻላቸው? መጥፋቴን አውቃለሁ፣ ይቅርታ በቃ፣ አንቺም ጠፍተሻል እኔም ጠፍቻለሁ፣ ስንገናኝ ተቃቅፈን እንለቃቀሳለን። አሁን ቸኩያለሁ፣ ለዚህ ነገር ካንቺ ሌላ ሰው ሊመጣልኝ ስላልቻለ ነው በዚህ ሌሊት የምጽፍልሽ።

ማሙሽ እንደኛ ፖለቲካል ሳይንስ ልግባ አለ።

አዎ ያው ማሙሽ ወንድሜ፣ ለእረፍት እኛ ቤት ስትመጪ ስልክሽን እየቀማ ጌም የሚጫወተው። ፍሬሽማን ጨርሶ አሁን የዲፓርትመንት ምርጫ ሊሞላ ነው። 2016 ላይ ከተፈተነው ተማሪ 5.4 ከመቶ ብቻ ባለፈበት ዓመት አልፎ የገባ ልጅ እኮ ነው፣ ያኔ ሰፈሩ ሁሉ እልል ብሎለታል፣ አባዬ ደሞ ከዛን ቀን ጀምሮ አካውንቲንግ ብሎ ወስኖለት ባንክ ሲገባ፣ ከረባት ሲያስር በአይኑ እያየ ነው የኖረው። እና ባለፈው እራት ላይ ልጁ ድንገት ሲናገር አባዬ የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሶ አስቀመጠው።

አባዬን ታውቂዋለሽ። "ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ" ሲል ሰው ለወሬ እንደሚለው አይደለም። ታላቅ ወንድሙን በ1970 ከቤት ወስደውበት እስከዛሬ መቃብሩን አያውቅም። "ዋለልኝ መኮንንም ከዚሁ ከወይዘሮ ስሂን ተነስቶ ነው አዲስ አበባ የሄደው፣ ፖለቲካል ሳይንስ ነው የተማረው፣ ገና በሃያዎቹ እያለ በ1965 አውሮፕላን ውስጥ ሞቶ ቀረ፣ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፋት ወረቀት ግን ይኸው አገር ስታምስ ትኖራለች" አለው። ማሙሽ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? "ወረቀቷን አንብበሃታል አባዬ?" አባዬ ዝም። አላነበባትም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሚፈራትን ነገር አላነበባትም፣ እና አንቺዬ ወላሂ ያኔ ልቤ ነው የተነካው፣ ለሁለቱም አዘንኩ። እኛ እኮ በ1962 የወጣችውን እንዳለች በእንግሊዝኛው አንብበናት ነበር፣ ስንጨርስ ግማሹ ክላስ "ይቺ ናት?" ግማሹ ደሞ "ልክ ነው" ብሎ የተከፋፈለባት። ከዛ ወዲህ ስለሷ ሰው ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር አንብቧት ይሆን እላለሁ።

አሁን የማልነግርሽ ከሆነ ሌላ ለማን እነግራለሁ። አባዬ እስከዛሬ እኔ ተመድቤ የገባሁ ነው የሚመስለው። አንደኛ ምርጫዬ እንደነበር አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው። "ምን ታርግ ልጄ፣ መንግሥት መድቧት ነው" እያለ ለዘመድ ሁሉ ሲከላከልልኝ ኖሯል፣ እኔም ዝም ብዬዋለሁ። አሁን ማሙሽ እንደኔ ሳይደብቅ ፊት ለፊት ሲናገር አየሁትና... አላውቅም፣ ቀናሁበትም ኮራሁበትም። ኖቶቼን አልጋ ስር ካርቶን ውስጥ አግኝቶ ከሃይስኩል ጀምሮ ሲያነብ ነው የከረመው ለካ፣ ያንቺ እጅ ጽሁፍም አለበት፣ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "አልስማማም!!!" እያልሽ የሞላሽው።

ስለዚህ እንድትደውይለት ነው የምለምንሽ። ግባም አትግባም እንድትዪው አይደለም። እውነቱን ንገሪው፣ መጥፎውንም ጭምር። ያ ፖለቲካል ቶውት፣ የፖለቲካ አስተሳሰብ ታሪክ ኮርስ ትዝ ይልሻል? ከስንት ባች ሲወራረስ የመጣ ፊደሉ የጠፋ ሃንድአውት፣ ፕሌቶ አሪስቶትል ማኪያቬሊ ሆብስ ሎክ ሩሶ፣ "ሶሻል ኮንትራክትን ባጭሩ ግለጽ"፣ ሸምድደን ገባን ሸምድደን ወጣን። አንቺ እጅሽን አውጥተሽ "የኛ አሳቢ የለም ወይ፣ ገብረሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ስለ መንግሥትና ሕዝብ ጽፎ የለ?" ስትዪ የተሰጠሽ መልስ "ኮርስ አውትላይኑ ውስጥ የለም" ነው። እስካሁን ያናድደኛል። ሆብስ ያን ሁሉ የጻፈው አገሩ እንግሊዝ እርስ በርሷ ስትተላለቅ እሱ ፓሪስ ተሰዶ እንደነበር ክላስ ውስጥ ማንም አልነገረንም። እኔ የገባኝ ከተመረቅን በኋላ ነው፣ 2014 ኅዳር ላይ እዚህ ደሴ በር ዘግተን ኔትወርክ ጠፍቶ ማን እንደሚያዘን ሳናውቅ ስንቀመጥ። ሆብስ እንዳለው ሰው ለምን ከፍርሃት የተነሳ ለአንድ ኃይል ሁሉንም ነገር አሳልፎ እንደሚሰጥ ያን ሳምንት ገባኝ። ኤ ያመጣሁበት ኮርስ እኮ ነው።

ግን ደሞ ያንን ቀን ንገሪው። የፌዴራሊዝሙን። ያንቺን።

በዛ ዓመት ግቢው እንዴት እንደነበር፣ ማታ ማታ ሎከር በር ላይ አስጠግተን ነበር የምንተኛው፣ ካፌ ውስጥ እንኳ ሁሉም ካገሩ ልጅ ጋር ነው ትሪ ይዞ የሚቀመጠው። እና መምህራችን ገብተው ምንም እንዳልተፈጠረ ቦርዱ ላይ "አንቀጽ 39" ብለው ጻፉ፣ እስከ መገንጠል የሚለውን። ክላሱ በአንዴ ቀዘቀዘ። ከዛ ሁሉም ሰው ከሚያምንበት በተቃራኒው ይከራከራል ብለው መደቡን፣ አንቺን ደጋፊ፣ ያንን ከነቀምት የመጣውን ረጅሙን ልጅ ተቃዋሚ። (ስለሱ ልጅ ሌላ ነገር አልናገርም፣ አፍንጫሽ ሲቀላ ከዚህ ይታየኛል።) አንቺ ሦስት ቀን ካኮረፍሽ በኋላ ሕገ መንግሥቱን ይዘሽ ቀረብሽ፣ እና ሰው ሁሉ ስለ ንኡስ አንቀጽ 1 ሲጣላ አንቺ ንኡስ አንቀጽ 4ን ነው ያነበብሽው፦ መጀመሪያ የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምጽ ሊያጸድቀው፣ ከዛ የፌዴራሉ መንግሥት በሦስት ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ሊያደራጅ፣ ከዛ አብላጫ ድምጽ፣ ከዛ የሥልጣን ርክክብ፣ የንብረት ክፍፍል። "ይሄ ሁሉ በር ያለው ቤት ለመውጣት ነው ለመቆየት የተሰራው?" ብለሽ ጠየቅሽ። እሱ ደሞ ተነስቶ መብቱ ወረቀት ላይ መኖሩ ብቻ እንዴት ጎረቤትን እንደሚያስፈራ ያስረዳ ጀመር፣ ድምጹ እየተንቀጠቀጠ። ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም አልሰደበም። ከክላስ ወጥተን ላውንጅ ሻይ ይዘን ወንበር እስኪያነሱብን ድረስ ስናወራ "ስዘጋጅ አባቴን የካድኩ መስሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም" ያለን ትዝ ይልሻል? እኔ ከትምህርታችን ሁሉ ውስጥ አንድ ቀን ምረጪ ብባል እሱን ቀን ነው የምመርጠው። ኮሮና መጥቶ ከተበተንን በኋላም እኮ በሰኔ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ስለ ምርጫው መራዘም ሲወስን ቀድመሽ የደወልሽልኝ አንቺ ነሽ፣ "አንቀጽ 83 በቴሌቪዥን እየታየ ነው!" እያልሽ፣ ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው ፍርድ ቤት ሳይሆን ያ ምክር ቤት መሆኑን ሰፈር ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እና የሚያስጨንቀኝ ምን መሰለሽ። ማሙሽ ፖለቲካል ሳይንስ ቲክቶክ ላይቭ ላይ እንደሚያየው ክርክር ይመስለዋል። ገብቶ የሚያገኘው ግን ዝምታ ይሆንበታል ብዬ እፈራለሁ። የሱ ሲኒየሮች "ክላስ ውስጥ ማንም አይናገርም፣ ማን ስልክ ይዞ እንደሚቀርጽሽ አታውቂም" ነው የሚሉኝ። ደሞ ከ2015 ወዲህ ኤግዚት ኤግዛም አለ፣ መምህሩም ተማሪውም ዓይኑ እዛ ላይ ነው፣ ምርጫ ጥያቄ ለመስራት ማን ከሚያምንበት በተቃራኒ ቆሞ ይከራከራል? ሥራውንም ንገሪው፣ አትሸፋፍኚለት፣ ከሴክሽናችን ውጭ ጉዳይ የገባ አንድም ሰው የለም፣ እኔ ወረዳ ኮሙኒኬሽን ቁጭ ብዬ የስብሰባ ዜና ነው የምጽፈው።

እንዲህም ሆኖ እንዲገባ እፈልጋለሁ። በቃ አልኩት። አባዬ ፊት ልለው ያልቻልኩትን ላንቺ አልኩት። እዚህ አገር ላይ ስለ መንግሥት ሁሉም ያወራል፣ ቁጭ ብሎ አንቀጹን የሚያነብ፣ ከማይስማማው ሰው ጋር ሻይ የሚጠጣ ልጅ ግን ያስፈልጋል፣ ማሙሽ ደሞ እንደዛ አይነት ልጅ ነው፣ አባቱን "አንብበሃታል?" ብሎ ሳይጮህ የጠየቀ ልጅ። ግን ክፉ ነገር ቢገጥመው አባዬን በየትኛው ዓይኔ ነው የማየው? ይሄን ነው ብቻዬን መሸከም ያቃተኝ።

ፎርሙ የሚዘጋው አርብ ነው፣ ስለዚህ እስከ ሐሙስ ድረስ ደውይለት፣ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ዶርም ነው የሚሆነው። አንቺ ካወራሽው በኋላ እኔም ለአባዬ አንደኛ ምርጫዬ እንደነበር እነግረዋለሁ፣ ቀድሜ ብነግረው ግን ልጁ ላይ ይብስበታል ብዬ ነው የቆየሁት፣ ልክ ነኝ አይደል? እሱንም ንገሪኝ። ስለ ራስሽ ነገር ደሞ... ሰምቻለሁ፣ በጽሁፍ አይሆንም፣ ስትደውዪ እናወራለን።

የማሙሽን ቁጥር ቴሌግራም ላይ እልክልሻለሁ፣ የድሮው አካውንትሽ ይሰራል አይደል?